እማማ ራዲዮና አሮጌው ባቡር ጣቢያ

ሹፌሯ ሚኒባሱን ከሟች ባሏ ወረሰችው፤ አማቷንም ከሚኒባሱ ጋር። አማትየው ማለዳ ተነሥተው ሻርፓቸውን ጠምጠም ያደርጉና ጋቢና ገብተው ጉብ ይላሉ። ቦታው የሳቸው እንደሆነ መንገደኛው ሁሉ ስለሚያውቅ ማንም አይሻማቸውም። «እማማ ራዲዮ» ነው የሚሏቸው፤ ሞተሩ ሲነሣ ይከፈታሉ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ግን አይዘጉም።

መኪናዋ ከአውራጃው ከተማ ተነሥታ ወደ ምዕራብ፣ መንደሮቹ እየሳሱ እስከሚያልቁበት ድረስ ትሄዳለች። በዚያ መንገድ ዳር የቆሙት የጥንት ሥራዎች ትልቅ ከተማን እንኳ የሚያኮሩ ናቸው፤ የድንጋዩ ድልድይ፣ ክብ ጣሪያ ያለው ፍርድ ቤት፣ የውሃ ወፍጮው፣ ከሁሉም ርቆ ደግሞ ባቡር የማይመጣበት ባቡር ጣቢያ። እማማ ራዲዮ ለእያንዳንዱ ታሪክ አላቸው። ድልድዩን ያሠራው፣ በሳቸው አባባል፣ ማዶ ያለች ሴት የወደደ ሀብታም ነው፤ ሥራው ባለቀ ማግስት ሴትዮዋ ሌላ አግብታ፣ ከነሙሽራው በዚያው ድልድይ ተሻግራ ሄደች። የፍርድ ቤቱ ጣሪያ ክብ የሆነው ዳኛው ጆሯቸው ስለከበዳቸው ነው። ወፍጮው ደግሞ ባለቤቱ የሞተ ቀን ብቻውን ሲፈጭ ውሏል።

ዓይን ያወጣ ፈጠራ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ቢሆንም መንገዱ ያጥራል። ሹፌሯን ግር የሚላት አንድ ነገር ብቻ ነበር። እማማ ስለ ልጃቸው፣ ማለትም ስለ ባሏ አወላለድ ሲያወሩ ቦታው አንድ ሆኖ አያውቅም። አንድ ጊዜ ድልድዩ ላይ ወለድኩት ይላሉ፤ ሌላ ጊዜ ወፍጮ ቤት፣ የዱቄት ጆንያ ላይ፤ ደስ ባላቸው ዕለት ደግሞ ችሎት መሐል፣ ዳኛው «ይህ ጉዳይ ይቅደም» ብለው ሌላውን ቀጠሮ ሰጥተውት። ሹፌሯ ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች ባሏን እውነቱን ጠይቃው ነበር። ሳቀና፣ «እሷን ጠይቂያት» ብሎ አለፈው። አልጠየቀችም። እሱም ሳይታሰብ ታሞ ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ለሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ሲሆኑ ስለሱ ማውራት ቁስል መነካካት ሆነባቸው።

አንድ ቀን የአውራጃው የባህል ኃላፊ መናኸሪያ ድረስ መጣና አነጋገራት። ከዋናው ከተማ የሕንፃ ባለሙያ ይመጣል አላት። ምክር ቤቱ ከጥንቶቹ ሥራዎች የትኛው እንደሚጠገን፣ የትኛው እንደሚፈርስ የሚወስነው እሱ አይቶ በሚናገረው ነው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ጋራዥ ስለገባ እሷ እንድታዞራቸው ፈለገ። ባቡር ጣቢያው ያው መፍረሱ እንደማይቀር፣ ድንጋዩ ለአዲሱ ገበያ መሠረት እንደታሰበ ሳይደብቅ ነገራት። ከዚያ አንገቱን አከክ አከክ አድርጎ፣ እማማን ለዚያ ቀን ብቻ ቤት ብታቆያቸው ጥሩ እንደሆነ በለሆሳስ አከለ።

ማታ እራት ላይ እንደምንም አለሳልሳ ነገረቻቸው። «ጥሩ» አሉ እማማ፣ ቀና ሳይሉ። ጠዋት መኪናውን ልታስነሣ ስትወጣ፣ የክት ጫማቸውን አድርገው ጋቢና ተቀምጠዋል። ምን ታድርግ? በሩን ዘግታ ሞተሩን አስነሣች።

ባለሙያው ጺሙ የሸበተ፣ ደቃቃ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። መኪናዋ ውስጥ ሲገባ የጫማውን ጭቃ መወጣጫው ላይ ጠርጎ ስለገባ ሹፌሯ ወዲያው ወደደችው። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ከላይ ያየዋል ብላ ስትጠብቅ፣ በቁልቁለቱ እየተንሸራተተ ወደ ሥሩ ወረደ። ተከትላው ወረደች። ይህን ያህል ዘመን ስትመላለስበት ሆዱን አይታው አታውቅም ነበር።

ቅስቶቹ ጎን ለጎን ተጎንብሰው ሸክም እንደተቀበሉ ወንድማማቾች ቆመዋል። ድንጋዩ ከድንጋይ የገጠመበት ቦታ ቢላዋ አያስገባም። የወንዙ ብርሃን ከታች እየተንጸባረቀ ጣሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ግንቡ የሚተነፍስ ይመስላል። ባለሙያው በመዳፉ ይዳስስ ይዳስስና፣ «ነይ እዪ» ብሎ ጠራት። ድንጋዮቹ ላይ ትንንሽ ምልክት ተቀርጿል፤ ቅጠል፣ ማበጠሪያ፣ ዓሣ። እያንዳንዱ ግንበኛ የጠረበውን ለመለየት ያኖረው የራሱ ምልክት እንደሆነ ነገራት። ሹፌሯ ዓሣውን በጣቷ ተከተለችው። ስሙ የጠፋ ሰው እጁ ግን አልጠፋም አለች በልቧ።

ወደ ላይ ሲመለሱ እማማ ራዲዮ የሀብታሙን ታሪክ ለኃላፊው ጀምረውለት ደረሱ። ኃላፊው ሳል ሳል አለ። ሹፌሯም መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ባለሙያው ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ «ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ተመልሳ አልተሻገረችም?» ሲል ጠየቀ።

«እንዴት አትሻገርም? በየገበያው ቀን!» አሉ እማማ።

ሰውየው ከልቡ ሳቀ፤ ሹፌሯም ትንፋሿ መለስ አለላት።

ፍርድ ቤቱ ውስጥ ምስክር ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ አቆማትና እሱ ከግድግዳው ጥግ ሆኖ አንሾካሾከ። ቃሉ ጆሮዋ ሥር የተነገረ ያህል ደረሳት። ጣሪያውን የተሸከሙት እንጨቶች ከዙሪያው ተነሥተው መሐል ላይ ይገናኛሉ፤ የተደፋ ቅርጫት ይመስላል። አንድም ምስማር የለበትም። ድሃም ይሁን ጌታ፣ ድምፁ ቢያንስም ቢወፍርም፣ እዚያ የቆመ ሰው እኩል ይሰማል። ባለሙያው ይህን ሲል እማማ ወደ ሹፌሯ ዞረው፣ «ጆሯቸው ከብዷቸው ነበር አላልኩሽም?» አሏት። ወፍጮ ቤቱ ጋ ደግሞ የውሃው መንኮራኩር በሰንሰለት ተጠፍሮ ቆሞ እንኳ ለመዞር ያኮበኮበ መስሏቸው ብዙ ቆዩ። ሹፌሯ በቤቷ እንግዳ እየተስተናገደ፣ እንግዳውም እያመሰገነ ያለ ዓይነት ደስታ ተሰማት። የኔ ነው እንዳትል የሷ አይደለም፤ ግን ኩራቱ አለቀቃትም።

ጣቢያው ጋ የደረሱት ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ስትል ነው። ሐዲዱ ከተነቀለ ቆይቷል፤ በቦታው ሣር ወጥቶበታል። ሕንፃው ረጅም ነው፤ ድንጋዩ ቀላ ያለ፣ በሮቹ ቅስት። የጣሪያው ክፈፍ መንገደኛ ከዝናብ እንዲጠለል በብረት ምሰሶዎች ተደግፎ ወደ ውጭ ሰፍቶ ወጥቷል። ቆርቆሮው ግን ተገንጥሎ ነፋስ ያንኳኳዋል፤ ሰዓቱም ዘንግ የለውም። ኃላፊው ቶሎ ብሎ፣ እዚህ ብዙ የሚታይ እንደሌለ፣ ድንጋዩ ግን ጥሩ እንደሆነ ተናገረ። ባለሙያውም አልተከራከረም። ግንቡ ጤነኛ ቢሆንም ጣቢያው ብርቅ እንዳልሆነ፣ በዚያው መሥመር ላይ የሱ መንትያ የሆኑ በተሻለ ይዞታ ያሉ ሌሎች ጣቢያዎች እንዳየ ገለጸ። ሊፈርስ ነው ማለት ነው።

ሹፌሯ ያኔ አንድ ነገር ጎደላት። የእማማ ድምፅ። ዞር ስትል ጋቢና ውስጥ ጭጭ ብለው ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ዓይናቸው በሩ ላይ። ደንግጣ ሄደች።

«እማማ፣ አመመዎት እንዴ?»

«እጅሽን ስጪኝ» አሉ።

ደግፋ ወደ ጣቢያው አስገባቻቸው፤ ኃላፊውና ባለሙያውም ተከተሏቸው። የመጠባበቂያው አዳራሽ ሰፊ ነው፤ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ የድንጋይ መቀመጫ ዙሪያውን ይዞራል። በአንድ በኩል የትኬት መስኮት፣ ከሥሩ የባንኮኒው ወፍራም ጣውላ፤ በስንት ዘመን መንገደኛ ክርን ታሽቶ እንደ ቆዳ ለስልሷል። እማማ መዳፋቸውን አሳረፉበት።

«ልጄን የወለድኩት እዚህ ላይ ነው» አሉ።

ኃላፊው ፈገግታውን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ድልድዩንም፣ ወፍጮውንም፣ ችሎቱንም ሰምቷላ። ሹፌሯም ወሬውን ልታስቀይስ አፏን ከፍታ ነበር። ግን በዚህኛው ታሪክ ሀብታም አልመጣም፣ ዳኛም አልመጣም። እማማ ዝግ ባለ፣ በማታውቀው ድምፅ ቀጠሉ።

ባላቸው በጣቢያው የሐዲድ ጠባቂ ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ አላባራ ብሎ ወንዙ ሞላ፤ የታችኛውን መንደር በአንድ ቀን ዋጠው። ሰው ልጁንና ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ጣቢያው ጎረፈ፤ ውሃ ያልነካው ወለል የዚህ ብቻ ነበርና። የጣቢያው አለቃ በር የተባለ በር ሁሉ ከፈተ። መሬቱ በሰው ስለሞላ ምጥ የያዛቸውን እሳቸውን የሚያስተኙበት ደረቅ ቦታ ታጣ። ሴቶቹ አንሥተው ባንኮኒው ላይ አስተኟቸው። ትኬት ቆራጩ ጀርባውን ሰጥቶ ሻርፕ እንደ መጋረጃ ዘርግቶ ያዘ፤ እጁ እየዛለ እንኳ ዘወር አላለም። ልጁ ሲወለድ ከሱ ይልቅ ሰው ሁሉ የሚያየው በሩን ነበር። ውሃው ደረጃውን ወጥቶ ወጥቶ፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አላለፈም» አሉ እማማ። «እዚህ የገባ ሰው ሁሉ በእግሩ ወጣ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

የሚጨምሩት ነገር አለ ብላ ሹፌሯ ጠበቀች። አልነበረም። ያኔ እውነት መሆኑን አወቀች።

ባለሙያው ደረጃውን ፍለጋ ወጣ። ኃላፊውም ፈገግታው ጠፍቶበት ተከተለው። ሹፌሯ ከአማቷ ጋር ብቻዋን ቀረች።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሌላውን ሳወራ አሳምረዋለሁ» አሉ፣ ጣውላውን እያሻሹ። «ይሄኛውን ማሳመር አልችልበትም። ሳላሳምረው ካወራሁት ደግሞ ማልቀሴ ነው። መንገደኛ ፊት ላልቅስ?»

«እሱስ ያውቅ ነበር?»

«ልጅ ሆኖ አምጥቼ አሳይቼዋለሁ። ሲያገባ ደግሞ፣ አፍህን ያዝ፣ ለሚስትህ የምነግራት እኔ ነኝ ያልኩት እኔው ነኝ። ዛሬ ነገ ስል ጥሎኝ ሄደ።»

ያ «እሷን ጠይቂያት» ያለው ሳቅ ለሹፌሯ ገና አሁን ገባት። እጇን ከአማቷ እጅ አጠገብ ጣውላው ላይ አኖረች። ሁለቱም አለቀሱ፤ ሰው ስላልነበረ ማንም አላፈረም።

ከውጭ የባለሙያው ጥሪ ተሰማ። ሲወጡ ሱሪው በጭቃ ተለውሶ፣ ከወለሉ በታች ያለውን ግንብ ተንበርክኮ እያየ ነው። ፊቱ በደስታ በርቷል። ሌሎቹ ጣቢያዎች ወለላቸው ዝቅ ያለ ነው አላቸው፤ የዚህ ግን ከምድር በብዙ ከፍ ብሏል፤ ደረጃውን ጭምር ሣር ሸፍኖት ነው ያላስተዋለው። ሣሩን ገለጥ ሲያደርግ ከሥር በኩል ተርታውን የተደረደሩ ትንንሽ ቅስቶች ታዩ። ውሃው ሲመጣ ግንቡን እንዳይገፋ ከወለሉ ሥር አልፎ እንዲሄድ የተተዉ መውጫዎች ነበሩ። ፕላኑ የሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ የሠሩት ሰዎች ግን ወንዙን ጠይቀው ነው የሠሩት አለ።

«እንዲህ ያለ የትም አላየሁም» አለ፣ ወደ እማማ ዞሮ። «እርስዎ ባይነግሩኝ ኖሮ አልፌው ነበር።»

እማማ ጎንበስ ብለው ቅስቶቹን አዩ፤ ከዚያ ሻርፓቸውን ጠምጠም አድርገው ወደ ጋቢናቸው አመሩ።

ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ስለ ጣቢያው አጥብቆ የተከራከረው ያው ድንጋዩን ለገበያው ያጨው ኃላፊ ነበር። ጣቢያው እንዳይፈርስ ተወሰነ፤ ለገበያው ሌላ ድንጋይ ተፈለገለት። የፍርድ ቤቱ ጣሪያ ጥገና ግን ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ፤ ሁሉን በአንዴ ማዳረስ አልተቻለም። ክረምቱ ሳይገባ የጣቢያው ቆርቆሮ ተቀየረ፣ መስኮቶቹ መስታወት ገባላቸው። መንገዱ በደጁ ስለሚያልፍ አዳራሹ ለሚኒባስ ተሳፋሪዎች መጠበቂያ ሆነ። በመጀመሪያው ዶፍ ሰዉ ጥቅሉን ይዞ የድንጋዩ መቀመጫ ላይ ተደርድሮ ሲጨዋወት ሹፌሯ ከበሩ ቆማ አየችው። የሞተ ቤት እንዲህ ድምፅ ያወጣል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

እማማ ራዲዮ እንደ ወትሯቸው ያወራሉ። የጣቢያውን ታሪክ ግን አንሥተውት አያውቁም፤ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር የምትናገረው ሹፌሯ ናት፤ የሰማችውን ያህል ብቻ፣ አንድም ሳትጨምር።

ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ ቀን፣ ተሳፋሪ አራግፈው ባዶውን ሲመለሱ፣ እማማ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለ ጉብታ ላይ ያለ ያረጀ የእህል ጎተራ አዩ። አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱት። ወሬ ሊጀምሩ ነው ብላ ሹፌሯ ስትጠብቅ፣ «ያንንስ ማን ሠርቶት ይሆን?» ብለው ጠየቋት።

«እኔ እንጃ፣ እማማ። እንውረድና እንየው?»

መኪናዋን ዳር አስያዘች። እማማ ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ክንዷን ተደግፈው፣ በእርጥቡ ሣር ላይ ወደ ጉብታው መውጣት ጀመሩ።