የጓሮው ንጣፍ ድንጋይ

ግቢያችን ሦስት ቤት ነው። ድሮ የአንድ የቡና ነጋዴ ነበር። የትርፍ ቤት አዋጁ ሲመጣ ተወርሶ ተሸነሸነና ለቀበሌ ኪራይ የምንከፍል ሦስት ቤተሰቦች ገባንበት። ቤቱ ተከፋፈለ እንጂ ግቢው አልተከፋፈለም። የውኃ ቧንቧው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ በሩ የጋራ፣ ጓሮው የጋራ ነው። በዚህ ሁሉ ተጣልተን አናውቅም ነበር። የተጣላነው ጓንጉል መኪና የገዛ ጊዜ ነው።

እኔ አሰፋች እባላለሁ፤ መሃለኛው ቤት የእኔ ነው። በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ልብስ እሰፋለሁ። ያለኝ መኪና የስፌት መኪና ብቻ ስለሆነ ማቆሚያ አያስቸግረኝም። የሚወጣው የሚገባው ሁሉ በፊቴ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ ይህን ነገር ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አለሁ የሚል ካለም ይምጣና ይከራከረኝ።

በስተቀኝ ያሉት ኸድሩና ራዚያ ናቸው። ኸድሩ ከስልጤ አገር የመጣ ነጋዴ ነው፤ በአሮጌ ፔጆ ፒክአፑ ጨውና ሳሙና ጭኖ እስከ ጪጩና ይርጋጨፌ ይወስዳል። ጎህ ሲቀድ ስለሚወጣ ፔጆው የሚቆመው በሩ አጠገብ፣ ጠጠር የፈሰሰበት ቦታ ላይ ነው። ጠጠሩንም ያፈሰሰው ራሱ ነው። በስተግራ ደግሞ ጓንጉልና ውዳሴ አሉ፤ ከደብረ ማርቆስ በዝውውር ከመጡ ገና ብዙም አልቆዩም። ጓንጉል የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሲናገር ስብሰባ የሚመራ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ልጅ ነው። ውዳሴ ልቧ ወርቅ ነው፤ አፏ ግን መዝጊያ የለውም።

ጓንጉል ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መምህር ላይ ሰማያዊ ቮልስ ገዛ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ ክረምት ገባ። የዲላን ቀይ አፈር ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሆን የረገጠው ያውቀዋል። ጠጠሩ ላይ ፔጆው ስላለ ቮልሱ ግቢው መሃል ጭቃ ውስጥ ነው የሚያድረው። ጠዋት ጠዋት ጓንጉል ጭቃው ውስጥ ቆሞ በመስኮት መሪውን ይይዛል፣ ውዳሴ ነጠላዋን ታጥቃ ትገፋለች፣ እኔም መርፌዬን ሰክቼ እወርድና እገፋለሁ። ጓንጉል ቢሮው የሚደርሰው እግሩ እስከ ጉልበቱ ቀይ ሆኖ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ጓንጉል ጓሮ ዞር ዞር ሲል ከኸድሩ ቤት ጀርባ፣ እንሰቶቹ አጠገብ፣ ጥግ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ በሥርዓቱ ተነጥፎ አየ። ድንጋይ ከድንጋይ ተገጣጥሞ፣ መሃሉ በትንንሽ ጠጠር ተሞልቶ። መጠኑም አንዲት ቮልስ ልክክ የምትልበት ነው።

ከጓሮ ሲመለስ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

"እትዬ አሰፋች፣ ይኸን ጉድ አይተዋል? ሰውዬው የበሩን ቦታ ይዞ፣ ለክረምት ደግሞ በድብቅ ሌላ ማቆሚያ እያነጠፈ ነው! እኔ ጭቃ ውስጥ እየዋኘሁ!"

"ማቆሚያ አይደለም" አልኩት።

"ምንድን ነው ታዲያ?"

ዝም አልኩ። እኔ ዝም ማለት የማልችል ሴት ዝም ስል ደግሞ ሰው ይጠራጠራል።

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ። ከድንጋዩ ሥር ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ በእንሰት ቅጠል፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አለ። እንሰቱን ራዚያ ናት የተከለችው፣ ራሷ ናት ፍቃ የቀበረችው፤ ለልጇ ለሱራያ ሠርግ። ሽማግሌ መጥቶ፣ እሺ ተብሎ፣ ቀን ሊቆረጥ ሲል እጮኛዋ ሙሐዲን ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄደ። መጀመሪያ ላይ ወሬው ይሰማ ነበር። ከዚያ ጠፋ። በሕይወት አለ የሚልም፣ የለም የሚልም አልተገኘም።

ሱራያ በሰው ፊት እንባ አልወጣትም። "ከዛሬ ጀምሮ ስሙን በዚህ ቤት ማንም እንዳያነሳብኝ" አለች፤ አበቃ። ጠዋት ወደ ቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሥራዋ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች፣ ትስቃለችም። ስለ ሠርግ ወሬ ሲነሳ ግን ተነስታ ትወጣለች።

ቆጮ በደንብ ከተያዘ ዓመታት ይቆያል። ኮባው ሲያረጅ በአዲስ መቀየር አለበት። ራዚያ ሱራያ ሥራ ስትሄድ ጠብቃ ትቀይረዋለች፤ እኔ ሌላውን ጫፍ እይዝላታለሁ። አንድ ቀን "ራዚዬ፣ ለምን አናወጣውም? በከንቱ እንዳይበላሽ" ብላት አየችኝ። "አሰፋች፣ እሱን ካወጣሁት ልጁ ሞቷል ማለቴ አይደል? ወላሂ በእጄ አልቀብረውም" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ደግሜ አላነሳሁትም።

እንግዲህ ያን ጉድጓድ አንድ ቮልስ ቢወጣበት ይደረመሳል፣ ዝናቡ ይገባበታል፣ የራዚያ ተስፋ ሁሉ ይበሰብሳል። ለጓንጉል ንገሪው እንዳትሉኝ። ለጓንጉል መንገር ለውዳሴ መንገር ነው፤ ለውዳሴ የተነገረ ደግሞ በማግስቱ ኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ይሰማል፤ ከባንኮኒው ወዲያ ያለችው ሱራያ ናት።

በማግስቱ ጓንጉል ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ኸድሩን ጠየቀው።

"አቶ ኸድሩ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጓሮ ንጣፉ ላይ ላቆም አስቤያለሁ።"

"አይሆንም" አለ ኸድሩ።

"ለምን?"

"አይሆንም አልኩህ እኮ። ድንጋዩን እንዳትነካ።"

ኸድሩ ሰው ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ሰበብ መፍጠር አይችልም። ጓንጉልም የጠረጠረው ተረጋገጠለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰላምታ ተነፋፈጉ። የባሎቹስ ይሁን፤ ራዚያና ውዳሴም ቧንቧው ጋ ሲገናኙ ባልዲያቸውን እያዩ ያልፉ ጀመር። እነዚያ በአንድ ወንፊት ዱቄት የሚነፉ ሴቶች! ውዳሴ እኔ ዘንድ መጥታ "ምን አደረግኳት?" ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬያት ልነፋረቅ ምንም አልቀረኝ፤ ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን ጠፋኝ።

ጓንጉል ነገሩን ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አቀረበ። ሸንጎውም ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስን ላከልን። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲላ ያረጁ፣ ከዘራቸውን ሳይዙ የማይወጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። የመጡት እሁድ ነው። እሁድ ደግሞ ኅብረት ሱቅ ዝግ ነው። ሱራያ ጓሮው መግቢያ ላይ ቧንቧው ጋ ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች።

ሁላችንም ጓሮ ሄድን። ለጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ወንበር ወጣላቸው። ጓንጉል ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይህ ግቢ የግለሰብ አይደለም። የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው! አንድ ሰው ሁለት ማቆሚያ ይዞ ሌላው አንድም ያጣበት አሠራር..."

"ጓንጉል ልጄ፣ ሰፊው ሕዝብ እኮ እኛ ሦስት ቤት ነን" አልኩት። "ቀስ ብለህ ንገራቸው።"

ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ወደ ኸድሩ ዞሩ። "አንተስ ምን ትላለህ?"

"ጓሮ መኪና አይገባም።"

"ምክንያቱ?"

ኸድሩ ወደ ቧንቧው አየ። ልጁ እዚያ ናት። "ምክንያት አለኝ፤ አልናገርም" አለ።

"ምክንያት ካላቀረብክ እኮ ቦታው የጋራ ነው፤ በተራ ይቆምበት ብዬ ከመወሰን ሌላ የማደርገው የለኝም።"

ራዚያ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። ዓይኗ ድንጋዩ ላይ ነው። እኔ አላስቻለኝም።

"ጉንዳን አለበት!" አልኩ።

"ጉንዳን ቮልስ ይበላል እንዴ?" አለ ጓንጉል።

እውነቱን ነው፤ እኔም ስሰማው አሳፈረኝ። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ከዘራቸውን ድንጋዮቹ ላይ ኳ ኳ አደረጉና ጎንበስ ብለው አዩ። "ሥራው ያምራል" አሉ። "ለመሆኑ ማነው ያነጠፈው?"

ኸድሩ ወደ ራዚያ አየ። ራዚያ ወደ ኸድሩ አየች። ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። ያን ጊዜ ነው እኔም የገባኝ። መጀመሪያ ስንቀብረው እኔና ራዚያ ያገኘነውን ድንጋይ ነበር የከመርንበት፤ ውበት የሚባል አልነበረውም። ውሎ አድሮ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየተተካበት ሲመጣ ራዚያ ባሌ ነው ብላ ዝም አለች፣ እኔም ኸድሩ ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ ኸድሩ ደግሞ ሴቶቹ ናቸው ብሎ ተቀምጧል። አንዳችን አንዳችንን አልጠየቅንም፤ የዚያ ጉድጓድ ወሬ እንዳይነሳ ስንፈራ።

"ማነው ያነጠፈው?" አሉ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ እንደገና።

"እኔ ነኝ።"

ሱራያ ናት። ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ እንደሆነ ከኋላችን ቆማለች።

"አባዬ አይደለም። እኔ ነኝ። ለገዳራ ወንዝ ልብስ ላጥብ በወረድኩ ቁጥር አንድ አንድ እያመጣሁ ነው ያነጠፍኩት። እማዬ የከመረችው ድንጋይ ውኃ ያስገባ ነበር።"

"ምን ውስጥ ነው ውኃ የሚያስገባው?" አለ ጓንጉል።

"ቆጮው ውስጥ፣ ጋሼ ጓንጉል። ከሥሩ የሠርጌ ቆጮ ነው ያለው። የእኔና የሙሐዲን።"

በዚያ ግቢ ያ ስም ከተጠራ ስንት ጊዜው! ራዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

"ታውቂ ነበር?" አለቻት።

"እማዬ ደግሞ! እናንተ አውጥታችሁ የምትጥሉትን አሮጌ ኮባ ማን እየሰበሰበ የሚያቃጥለው መሰለሽ? እትዬ አሰፋች ናት እንዳትይኝ፤ እሷ እሳት ለማንደድ ከበረንዳዋ አትወርድም።"

ልትሰድበኝ ፈልጋ አይደለም፤ እውነት ነው።

"ታዲያ ስሙን አታንሱ ያልሽን ለምንድን ነው? ልጄ፣ እኔ እኮ ቆርጠሽ የተውሽው መስሎኝ..."

"ላለማልቀስ ነው እንጂ ልረሳው ብዬ ነው እንዴ?" አለች ሱራያ። ከዚያ ያን ሁሉ ጊዜ ያልወጣው እንባ ወጣ። ራዚያ አረፋ የሞላውን እጇን ይዛ ሳበቻትና አጠገቧ አስቀመጠቻት። እናትና ልጅ ቆጯቸው ላይ ተቀምጠው ተላቀሱ። ውዳሴ ደግሞ ማንም ሳይጠራት ከመሃላቸው ገብታ ከሁለቱም በላይ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ኸድሩ ፊቱን ወደ እንሰቱ አዞረ። እኔ እንኳ ምንም አልሆንኩም፤ ዓይኔ ውስጥ ነገር ገብቶብኝ ነው እንጂ።

ጓንጉል ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የስብሰባው ሰውዬ ሄዶ ውስጡ ያለው ልጅ ብቻ ቀረ።

"እኔ ንጣፍ መስሎኝ..." አለ። "በእመቤቴ፣ ሰው ምግቡን ከመሬት በታች ለዓመታት ያስቀምጣል ብሎ የነገረኝ የለም። ኸድሩ ወንድሜ፣ ለምን በጥፊ አትለኝም ነበር?"

"በጥፊ ብልህ ምክንያቱን ትጠይቀኝ ነበር" አለ ኸድሩ።

ጓንጉል ቀጥ ብሎ ቆመ። "ከዛሬ ጀምሮ" አለ፣ ያችው የስብሰባ ድምፁ ተመልሳለት፣ "በዚህ ጓሮ ጎማ የሚባል ነገር አይዞርም!"

"ሸንጎው መዝግቦታል" አሉ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ምንም ሳይመዘግቡ። "ሻይ አለ?"

ነገሩ እዚህ ያለቀ ከመሰላችሁ ሁለቱን ሰዎች አታውቋቸውም። ኸድሩ በማግስቱ ማታ ከይርጋጨፌ ሲመለስ ፔጆውን ጭቃ ውስጥ አቆመና ጠጠሩን ለጓንጉል ተወለት። ጓንጉል "ሞቼ ነው!" ብሎ ቮልሱን ከፔጆው ጎን ጭቃ ውስጥ አቆመ። "በአላህ ይዤሃለሁ፣ ውሰደው!" "በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ አልወስደውም!" እየተባባሉ ጠጠሩ ባዶውን ሰነበተ፤ እኛ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በአንድ ፈንታ ሁለት መኪና እንገፋለን። በመጨረሻ ደሜ ፈላ።

"ስሙኝ!" አልኳቸው። "ኸድሩ፣ በፔጆህ ሁለት ጊዜ ተመላልሰህ ጠጠር አምጣ። ጓንጉል፣ አንተ አካፋ ያዝ። ጠጠሩን ወደ እኔ በረንዳ ሰፋ አድርጉትና ሁለቱም ጎን ለጎን ይቁሙ።"

"የእርስዎ የልብስ ገመድ እኮ መሃል ላይ ነው" አለ ጓንጉል ፈራ ተባ እያለ።

ገመዴን ፈትቼ ወደ ጎን አሰርኩት። እስከ ዛሬ ለምን አላዛወርሽውም እንዳትሉኝ፤ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሁን ቮልሱና ፔጆው ተጠጋግተው ያድራሉ። ኸድሩ ጎህ ሲቀድ ሲወጣ ጓንጉል በፒጃማው ወጥቶ በሩን ይከፍትለታል።

ዝናቡ ጋብ ሲል ኮባ የመቀየሪያው ጊዜ ደረሰ። እንደ ልማዴ ስፌቴን አስቀምጬ ጓሮ ወረድኩ፤ የእኔን ጫፍ ግን ሱራያ ይዛዋለች። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አንስታ ጎን ላይ ደርድራቸዋለች። ሥራ ፈትቼ እንሰቱን ተደግፌ አየኋቸው። አሮጌውን ኮባ ገፈው አዲሱን ዘረጉ። ከዚያ ራዚያ ቀና ሳትል፣ ስለ ነገ ገበያ እንደምትጠይቅ ሁሉ፣

"ሙሐዲን ቆጮ የሚወደው በአይብ ነው በጎመን?" አለቻት።

ሱራያ ትንሽ አሰበች።

"በሁለቱም ይወደዋል" አለች። "አይብ በዛ ካለለት ግን የበለጠ ደስ ይለዋል።" ከዚያም የአዲሱን ኮባ ጫፍ ሳብ አድርጋ አስተካከለችው።