ስድስቱ መስመሮች

«ኤጭ! አሁንስ በቃኝ!» አለች ሜቲ። የጻፈችውን ገጽ ቀደደችና የጋውኗ ኪስ ውስጥ ወተፈችው። ሦስተኛው መሆኑ ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሁለት ሴት አዋልዳለች፣ አልጋ አጥባለች፣ እግሯ አብጦ ጫማው አልበቃው ብሏል። አሁን ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ያ የማያልቅ ጽሑፍ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አሶሳ፣ መምህር እዩኤል ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጠ የዘንድሮን ምረቃ የምታየው ከጓደኞቿ ፎቶ ላይ ነው።

ጽሑፉን ሪፍሌክሽን ይሉታል። ተማሪው በልምምድ ላይ ከገጠመው አንዱን ይመርጥና ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደተሰማው፣ ምን እንደተረዳ ሁለት ገጽ ይጽፋል፤ የሚያሠለጥነው ባለሙያ ይፈርምበታል። ሲያወሩት እንዴት ይቀላል! ሜቲ አራተኛ ዓመት የአዋላጅ ነርስነት ተማሪ ናት። ፈተና ፈርታ አታውቅም፤ ስለ ራሷ ጻፊ ስትባል ግን ብዕሩ እጇ ላይ ድንጋይ ሆነባት።

መጀመሪያ የጻፈችው አጭር ነበር። «ወላዷ በሰላም ተገላገለች። ተገቢው ክትትል ተደረገ። ከፍተኛ መድማት ታየ። ሕክምና ተሰጥቶ ቆመ።» መምህር እዩኤል ከሥሩ በቀይ ጻፈበት፦ «ሪፖርት ነው። አንቺ የት ነበርሽ?»

ሁለተኛውን ስትጽፍ ግን ብዕሯ ሮጠ። ሜቲ ባምባሲ ያደገችው ምስክርነት እየሰማች ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ሰው ይነሳል፣ ማይክ ይይዛል፣ ውድቀቱን ይናገራል፣ ያለቅሳል፣ መጨረሻ ላይ ያሸንፋል። ሳያሸንፍ ማይክ ያስረከበ ሰው አይታ አታውቅም። እሷም በዚያው መንገድ ሄደችበት፦ ደነገጠች፣ ጸለየች፣ እጇ በረታ፣ እናትየዋ ዳነች። «ከዚያች ቀን ጀምሮ ብርቱ አዋላጅ ሆኛለሁ፤ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን» ብላ ዘጋችው። ስትጨርስ ራሷም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

መምህር እዩኤል ባለፈው ሰኞ ቢሮው አስጠርቶ መለሰላት።

«ያምራል» አላት። አርባ ሦስት ተማሪ ያለበት ሰው ነው፤ ድምፁ ሳይቀር ደክሞታል። «ጉባኤ ፊት ብታቀርቢው እልል ይባልልሻል። ግን እስቲ ንገሪኝ፣ ሴትየዋ መድማት ከመጀመሯ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ምን ስታደርጊ ነበር?»

«ስከታተል ነበር፣ መምህር።»

«እሱ የለበትማ! ከመውደቅ ቀጥታ ወደ መነሳት ዘለልሽ።» ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋው። «ይኸንኑ አስፈርመሽ ብታመጪልኝ ማለፊያ እሰጥሻለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን ያልዳነ ነገር ካለ እሱን ጻፊልኝ።»

ያልዳነ ነገር ነበረ እንጂ! ለማንም ትንፍሽ ያላለችው።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሳምንት ነው። ጤና ጣቢያው ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ በዚያ ቀን አራት ወላዶች ባንዴ መጥተውበት ነበር። ሳና የምትባል የበርታ ሴት ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ሜቲም እንድትከታተላት ታዘዘች። ከወሊድ በኋላ በየአሥራ አምስት ደቂቃው የደም ግፊት ይለካል፣ ሆድ ይዳሰሳል፣ ደም ይታያል፣ ከዚያ በክትትል ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይሞላል። ሜቲ ከአልጋው አጠገብ ወንበር አገኘች። ተቀመጠች። ከተቀመጠች በኋላ መነሳት አቃታት። እናም ቅጹን ጭኗ ላይ አድርጋ ስድስት መስመር በአንድ ጊዜ ሞላች፤ ያለፈውንም ሰዓት፣ ገና ያልደረሰውንም። አንዱንም አልለካችም። መቶ አሥር በሰባ፣ መቶ አሥር በሰባ፣ ለማሳመን ያህል አንድ መቶ ሃያ በሰባ። አራተኛው መስመር ላይ ግፊቷ ደህና ነው በተባለበት ሰዓት የሳና ፍራሽ በደም ርሶ፣ አክስቷ ኡኡ ብላ፣ አሠልጣኟ ሲስተር ጤናዬ እየሮጠች ገብታ ነበር ያተረፈቻት።

ሜቲ አዲስ ወረቀት ስታወጣ በሩ ላይ ድምፅ ሰማች።

«ሜቲ! አንቺ እዚህ ነው?»

ሳና ናት፤ ልጇን አቅፋ፣ አክስቷን አስከትላ ለሰባተኛ ቀን ምርመራ መጥታለች። አማርኛን የለመደችው ገበያ ነው፤ የሴትና የወንድ አጠራር ይደባለቅባታል፤ ግን ያሰበችውን ሳትናገር አትቀርም።

ሜቲ አልጋ ላይ አስተኛቻት። ዛሬ ግፊቷን ለካች፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ ደሙን አየች። ሁሉም ደህና ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሳና።

ሜቲ ጥያቄውን ልትውጠው ሞከረችና አቃታት። «ያን ቀን ደም ሲፈስሽ አልታወቀሽም?»

«ታወቀኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም? አጠገብሽ ነበርኩ እኮ።»

«አንቺ ይጽፋል» አለች ሳና፤ እጇን እንደ ብዕር እያንቀሳቀሰች አሳየቻት። «ብርድ መጣ። ከታች እርጥብ ሆነ። እኔ አንቺን አየ። አንቺ አንገት ደፍቶ ይጽፋል፣ ይጽፋል። እኔ በልቤ አለ፤ ይሄ ልጅ ለኔ ነው የሚጽፈው፣ ሥራ አታበላሽ፣ ዝም በል። ወላሂ፣ አክስቴ ነው የጮኸው።» ከዚያ የሜቲን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «ብዙ ደከመሽ ለኔ። አላህ ይስጥሽ።»

እግዚኦ! ብትሰድባት ይሻል ነበር። ሜቲ አፈረች፤ በዕድሜዋ እንዲህ አፍራ አታውቅም። አክስትየዋ ግን አላመሰገነችም። ሕፃኑን ተቀብላ ሜቲን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ሳናን ይዛ ወጣች።

ሜቲ በሩ እንደተዘጋ ተቀምጣ ጻፈች። አልቀደደችም፣ አልሰረዘችም። «ተቀምጬ ነበር» ብላ ጀመረች። ስድስቱን መስመሮች ጻፈች። ወንበሩን ጻፈች። ሳና ያለቻትን እንዳለችው ጻፈች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ እጇ በልማድ «ከዚያች ቀን ጀምሮ» ሊል ቃጣው። ወዲያው ዛሬ ጠዋት ያዋለደቻት ሁለተኛዋ ሴት ትዝ አለቻት፤ ዛሬም አንዱን ልኬት በግማሽ ሰዓት አሳልፋዋለች። ታዲያ ምን ብላ ታሸንፍ? ብዕሯን አስቀመጠች።

ሲስተር ጤናዬ የፓዌ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። ሃያ አንድ ዓመት አዋልዳለች። መነጽሯን አድርጋ ሜቲ እንድትፈርምበት የሰጠቻትን ጽሑፍ ቆማ ማንበብ ጀመረች፣ መሃል ላይ ጠረጴዛውን ተደገፈች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?»

«እውነቱ ነው፣ ሲስተር።»

«እውነት መሆኑ መች ጠፋኝ! ያ ቅጽ ከሥሩ የማን ፊርማ አለበት? የኔ! ሳላይ ነው የፈረምኩት። አራት ወላድ፣ ሁለት እጅ! ምን ላድርግ? አሁን በስተርጅና በአንቺ ሪፍሌክሽን ልጠየቅ?»

«የእርስዎን ስም አልጻፍኩም።»

«ቅጹን አውጥቶ የሚያይ ሰው የጠፋ መሰለሽ?» መነጽሯን አወለቀች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «እንዴው ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። ያቺ የፊተኛዋ አለች አይደል? ክብር ለእግዚአብሔር ያልሽባት። አምጪያት።»

ሜቲ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። ሲስተር ጤናዬ ሳታነብ ፈረመችና ማኅተም መታችበት። የዛሬውን ሳትፈርም መለሰችላት።

«ተመረቂና ውጪ። ከዚያ እንደ ልብሽ ተጸጸቺ። እናትሽ ለምረቃው ቀሚስ አሰፍታለች ስትዪኝ አልነበር?»

ክፉ ሴት አይደለችም። ደክሟታል፤ ሜቲም ይህን ታውቃለች። ለዚህ ነው ልትቆጣት ያልቻለችው።

«አሶሳ! የሞላ አሶሳ!» የሚለው የሚኒባሱ ረዳት ድምፅ ከመንገዱ ተሰማ።

መንገዱን ሙሉ ሁለቱን ወረቀቶች ቦርሳዋ ውስጥ እንደያዘች ሄደች። የእናቷን ቀሚስ አሰበች፤ አረንጓዴ ነው፣ በስልክ ፎቶውን ልካላታለች። የአክስትየዋን ዓይን አሰበች። እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል መኪናው ጉድጓድ ያገኛል፣ ትባንናለች፣ እንደገና ከቀሚሱ ትጀምራለች።

መምህር እዩኤልን በወረቀት ክምር መሃል አገኘችው። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ቦርሳዋን ከፈተች። ማኅተም ያለበት ከላይ ነበር፤ እጇ አልፎት ሄደና የታችኛውን አወጣ።

መምህሩ መጀመሪያ ያየው የፊርማውን ቦታ ነው። «ባዶ ነው እኮ።»

«አዎ።»

«ሜቲ፣ ያለ ፊርማ ማለፊያ ልሰጥሽ አልችልም። ልምምዱን ትደግሚያለሽ ማለት ነው። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ሲስተር ለምን አልፈረሙም? እደውልላቸዋለሁ።» ስልኩን አነሳ።

«እሳቸውን አይጠይቋቸው፣ መምህር» አለች። «የተጻፈው ስለ እኔ ነው። እኔን ይጠይቁኝ።»

መምህር እዩኤል ስልኩን መልሶ አስቀመጠ። የመጀመሪያዋን መስመር አነበበ፤ «ተቀምጬ ነበር» ትላለች። ቀና ብሎ አቧራ የለበሰ ጫማዋንና ያበጠ እግሯን አየ፤ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ወንበር ስቦ አወጣላት።

«ደክሞሻል። ተቀመጪ እስቲ።»

«ቆሜ ይሻለኛል» አለች ሜቲ።