«ይቅናዎ» የተጻፈበት ወንበር

ጎረቤቷ ለማልቀስ ወደ ፊት ስትደፋ የወንበሩ መደገፊያ ከጀርባዋ ብቅ አለ። በቀይ ቀለም «ይቅናዎ» ይላል።

እናትየዋ ዓይኗን ጠርጋ እንደገና አየች። ቀጥሎ ያለውም ይቅናዎ። ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ በየለቀስተኛው ጀርባ፣ ይቅናዎ፣ ይቅናዎ። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እስካሁን ሰው ሲገባና ሲወጣ እንጂ ምን ላይ እንደሚቀመጥ ልብ አላለችም።

ወንድሟን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ ጓዳ ወሰደችው።

«ወንበሮቹን ከየት አመጣሃቸው?»

«ከውርርድ ቤቱ። ሰውዬው ራሱ ነው የላከው፣ በነፃ። ምነው፣ ለቀስተኛ ቆሞ ይዋል?»

«ቆሞ ቢውል ይሻል ነበር! ነገ ምን ቀን እንደሆነ ረሳኸው?»

ወንድሟ አፉን በእጁ ያዘ።

ነገ የከተማው ምክር ቤት ድምፅ ይሰጣል። ባሏ ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ የምክር ቤት አባልም ነበር። ዓመት ሙሉ የደከመበት ደንብ አጭር ነው፦ የቁማር ነጋዴ ለምክር ቤት ሰው ገንዘብም ሆነ ዕቃ አይሰጥም። ደጋፊና ተቃዋሚው እኩል ለእኩል ነው። የሟቹን ቦታ የምትይዘው ተጠባባቂ ደግሞ ነርስ የሆነችው ልጃቸው ናት። እሷ ከቀረች ደንቡ ይወድቃል።

ደንቡን የጻፈው እዚሁ ጓዳ ውስጥ ነው፤ አንድ እግሩ በሚያጥር አሮጌ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጦ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ወረቀት አራት አጥፎ ባጠረው እግር ሥር ይወትፍና ብዕሩን ያነሳል።

«‹ዕቃ›ን ምን አስጨመረህ?» ብላው ነበር። «ገንዘቡ አይበቃህም? ከሰው አታጣላን።»

«ገንዘብ ሲቀበሉ ትንሽ ያፍራሉ፣ የኔ ፈሪ። ዕቃ አያሳፍርም። እነዚህ ሰዎች ወንበር ሰጥተው ነው ወንበር የሚገዙት።»

«ቀልድ አንተ! አንድ ቀን ሬሳህን ያመጡልኛል።»

ስልክ በጮኸ ቁጥር «መጣ፣ ያልኩት መጣ» እያለች ብድግ ትል ነበር። ሞቱን ከሰው ስትጠብቅ ከገዛ ልቡ መጣ። ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ፣ የሰው ሰዓት ከፍቶ ሳይገጥም ቀረ።

ከሰዓት በኋላ የውርርድ ቤቱ ባለቤት ራሱ ገባ። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን በስልኩ ፎቶ ያነሳል።

«እግዜር ያጽናዎ፣ እናቴ።»

በጆሮዋ ግን «ይቅናዎ» ያላት መሰላት።

«ወንበሩ በቃ? ካነሰ ልጨምር።» መልስ ሳይጠብቅ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ነገ ስብሰባ አለ አሉ። ሀዘንተኛ ቢቀር ማን ይታዘበዋል? ከሄድሽ ግን የሰው አፍ ክፉ ነው። ‹በወንበሩ ተቀምጠው አልቅሰው፣ ዕቃ አይሰጥ አሉ› ይላል። ፎቶም አይጠፋም።»

«ይበል እንጂ» አለች ልጅቷ።

ለእናትየዋ ልጇ በከተማው ስትሰደብ፣ ከሥራ ስትባረር፣ ከሆስፒታል ስትመለስ መንገድ ላይ ስትጠበቅ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታያት። «አትሄድም፣ ልጄን ተዉልኝ» ልትል አፏን ከፈተች።

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ትናንትም እዚያው ቆማ ነበር። ከትናንት ወዲያም። እናቷ ሻይ ለማደል የቆመች መስሏት ነበር። ለካ ልጅቷ ጽሑፉን በመጀመሪያው ቀን አይታዋለች። ለእናቷ ሀዘን ላይ ሀዘን ላለመጨመር ዝም ብላ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሳትቀመጥ ውላለች።

እናትየዋ አፏን ዘጋች። ተነሥታ ጓዳ ገባችና አሮጌውን ወንበር እየጎተተች ወጣች።

«ወንበሮችህን ሰብስብ» አለችው ሰውዬውን። «እኛ ቆመንም ማልቀስ እንችላለን።»

ከዚያ ጎረቤቷ ወገቧን ይዛ ተነሣች። «እኔስ ድሮም አልተመቸኝም። ሲያስለቅሰኝ የዋለው ሀዘኑ ይሁን ወንበሩ እንጃ!» አለች። አንዱ ሳል የመሰለ ሳቅ አፈነ። አንድ በአንድ ሁሉም ተነሡ።

ሰውዬው ፈገግታው ሳይጠፋ ወንበሮቹን እንዲሰበስብ ለሾፌሩ በአገጩ ምልክት ሰጠ። «ነገ እንተያያለን» ብሎ ወጣ።

እናትየዋ በሩን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ተቀመጪ» አለች ለልጇ። «የአባትሽ ነው።»

ልጅቷ ስትቀመጥ ወንበሩ ዘመም አለ። እናትየዋ ተንበረከከች። በእንባ የራሰ መሐረቧን አራት አጠፈችና ባጠረው እግር ሥር ወተፈችው።