ከዕቅዱ የቀሩት ቀናት

ባንታምላክ ፒካፑን ማሳው ዳር አቁሞ ሲወርድ ፀሐይዋ ጠንከር ማለት ጀምራለች፤ ሰሊጡ ውስጥ ግን ጎንበስ ያለ አንድ ሰው አይታይም። ሠላሳ ሁለቱ የጭልጋ አጫጆች ከሣርና ከእንጨት በተሠራው ረኩባ ጥላ ሥር በየምንጣፋቸው ተቀምጠዋል። ማጭዶቹ ጆንያ ውስጥ ገብተው ምሰሶው ላይ ተሰቅለዋል።

«ምን ሆናችሁ ነው? ሁለት ሰዓት አለፈ እኮ» አለ እየተጣደፈ።

«ምንም አልሆንን። መድኃኔዓለም ነው» አለው ጋረደው የሚባለው ረጅም አጫጅ። አነጋገሩ የረሳውን ሰው እንደሚያስታውስ እንጂ እንደሚከራከር አልነበረም።

ባንታምላክ መቼ ረሳው። ጥቅምት ሃያ ሰባትን የሚረሳ የጭልጋ ልጅ የለም። ማታ ሲተኛም ጠዋት ሲነሣም አስታውሶታል። ምናልባት ዘንድሮ በረሃው ያስረሳቸው ይሆናል ብሎ ነበር የመጣው፤ ጭንቅ የያዘው ሰው የማያስበው ነገር የለም።

ከስምንት ዓመት በፊት እሱም እዚሁ ሱዳን፣ ዶካ አካባቢ ማጭድ ይዞ ነው የጀመረው። አረብኛ ለመደ፣ ትራክተር ነዳ፣ የእርሻ ጸሐፊ ሆነ። ዘንድሮ የእርሻው ባለቤት ኢሀብ የአራት ሺህ ፈዳን መሬት ሰሊጥ አጨዳ ከነሙሉ ጣጣው አስረክቦት «ሙዲር»፣ ኃላፊ፣ ተባለ። አራት ቡድን አጫጆች (ሦስቱ የሱዳን፣ አራተኛው የጭልጋ)፣ ሦስት ትራክተሮች፣ ውኃውና ዱቄቱ፣ ከገዳሪፍ ቀን ተቆርጦላቸው የሚመጡት ሎሪዎች፣ ሁሉም በእሱ እጅ ናቸው። አንዱ ሲዘገይ ሌላው ይቆማል። ሰሊጥ ደግሞ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ በደረሰ በጥቂት ቀን ሽፋኑ ይሰነጠቅና ዘሩ መሬት ላይ ይፈሳል።

ሐምሌ ላይ ኢሀብ ገዳሪፍ ልኮት ለአዲስ የፕሮጀክት ኃላፊዎች የተዘጋጀ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ነበር። አሠልጣኙ ሥራውን በየቀኑ ከፋፍሎ መጻፍን፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ባለቤት መስጠትን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራውን ሊያዘገይ የሚችለውን ነገር አስቀድሞ ማስፈርን አስተማራቸው። ባንታምላክ ዝናብን፣ የጎማ መፈንዳትን፣ የናፍጣ እጥረትን፣ እሳትንና ወፍን ጻፈ። ለሹፌሮቹ ጁምዓዎችን ቀነሰ። የበዓላቱን ቀን ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሣ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ሱዳናዊ የእርሻ ባለሙያ «የሐበሻ አጫጅ ከሥራው ቀን ዒዱ ይበዛል» ብሎ ቀለደ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ከሁሉም አስበልጦ የሳቀው ባንታምላክ ነበር። ከዚያ በኋላ የአቦን፣ የሚካኤልንና የማርያምን ስም በዚያ ወረቀት ላይ ማስፈር አፈረ።

ያ ባልከፋ። የከፋው መስከረም ላይ መተማ ያደረገው ነው። የጭልጋው ቡድን አለቃ ወልደ ማርያም ሰው ለመሰብሰብ ወደ ጭልጋ ከመመለሳቸው በፊት «በዓላቱን በዕቅድህ ይዘሃቸዋል?» ብለው ጠይቀውት ነበር። «ይዣቸዋለሁ፣ አያ» አላቸው። ሽማግሌው በዚያ ቃል ሠላሳ ሁለት ሰው ከቤቱ አስነሥተው መጡ።

አቦ ሲደርስና ሥራው ሲቆም ለኢሀብ የትራክተር ጎማ ፈነዳ አለው። በሚካኤል ውኃ ዘገየ አለው። በማርያም ምን እንዳለው ራሱም አሁን አያስታውስም። ዛሬ የቀረው ሰበብ የለም።

ስልኩ ጮኸ። ድምፅ ጥርት ብሎ የሚሰማው ፒካፑ ጀርባ ላይ ሲቆሙ ስለሆነ ዘልሎ ወጣ።

«ሙዲር፣ ሎሪዎቹ ለሐሙስ ታዘዋል። አራተኛው ቡድን የት ደረሰ?» አለ ኢሀብ በአረብኛ።

«ዛሬ አልተነሡም።»

«ማነው የከለከላቸው?»

ባንታምላክ ወደ ረኩባው ተመለከተ። ወልደ ማርያም ምሰሶ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ለጸሎት ይንቀሳቀሳል።

«አለቃቸው» አለ።

አንዲት ቃል ናት። ስትወጣ አልከበደችም።

«ሽማግሌው? ኸላስ፣ አበቃ። ዱቄት ይዞ የመጣው ሎሪ ሲመለስ ይውሰደው። ከእንግዲህ የእኔንም የአጎቶቼንም እርሻ እንዳይረግጥ። ሌላ አለቃ ሹምላቸው» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ከፒካፑ ወርዶ ሽማግሌው ዘንድ እስኪደርስ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ለእሱ ግን አላልቅ አለው። ወባ ጥሎት በከረመበት ዓመት የእሱን ድርሻ አጭደው ከቡድኑ እንዳይወጣ ያደረጉት እኒህ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ተንበርክኮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራቸው።

«አለቃው ነው አልኸው?» አሉ ወልደ ማርያም።

«አዎ።»

«ዕቅዱ ላይ አሉ ብለኸኝ አልነበር?»

«የሉም።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከመጀመሪያውም አልጻፍኋቸውም፣ አያ።»

ባንታምላክ ቢሰድቡት፣ በጥፊም ቢሉት ደስ ባለው ነበር። ሽማግሌው ግን ምንጣፋቸውን መጠቅለል ጀመሩ።

«አንተም ከተባረርህ ለእነዚህ ልጆች በአረብኛ የሚናገርላቸው አይኖርም። አንዳችን እዚህ እንቅር። እኔ እሄዳለሁ» አሉ።

«አያ…»

«ዝም በል ባንቴ። አሁን መናገር ምን ይሠራል።»

ይህ ከጥፊ የባሰ ነበር። ባንታምላክ ጥቅልላቸውን ተሸክሞ ከረኩባው ጀርባ ወደ ቆመው የዱቄት ሎሪ አደረሰላቸው። ሹፌሩ ታምሬ ምንም ሳይጠይቅ ተቀብሎ ከባዶ የውኃ በርሜሎቹ መሀል አስቀመጠው። ባንታምላክ ጥቅልሉን የተሸከመው ሽማግሌውን ሊያግዝ ይሁን ቶሎ እንዲሄዱለት፣ ራሱም መለየት አልቻለም።

አጫጆቹ ይህን ሲያዩ ግር ብለው ተነሡ።

«እሳቸው ከሄዱ እኛስ ምን እንሠራለን?» አለ አንዱ።

«ተቀመጡ» አሉ ወልደ ማርያም። «ጥፋቱ የኔ ነው። በዓላቱን ለሙዲሩ ሳልነግረው ቀረሁ። ረሳሁት። እርጅና ነው እንግዲህ።»

ጋረደው ወደ ፊት ወጣ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«ረሳሁት ምን ማለት ነው? እኔ ሚስቴን አራስ ቤት ትቼ የመጣሁ በማን ቃል ነው? ሁሉን ተነጋግሬያለሁ፣ በዓል የሚያሽረን የለም አላሉንም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያ ከእንግዲህ ጭልጋ ገብተው ሰው ተከተለኝ ቢሉ ማን ያምነዎታል?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ባንታምላክ ለስምንት ዓመት ሲያውቃቸው በሰው ፊት አንገታቸውን ሲደፉ አይቶ አያውቅም። እነዚህ ሰዎች ነገ አገር ሲገቡ የሚያወሩት ይህንኑ ነው፤ ወልደ ማርያም አርጅቶ አሳሳተን ይላሉ። እሱ ደግሞ በፒካፕ ሲዞር ሙዲር እየተባለ ይኖራል።

ፒካፑ ላይ ወጥቶ ደወለ።

«ኢሀብ፣ ቅድም የነገርሁህ ልክ አይደለም» አለ በአረብኛ። «ሽማግሌው ምንም አላጠፋም። በመስከረም ጠይቆኝ ነበር። የበዓላቱን ቀን ከዕቅዱ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ጎማ ፈነዳ፣ ውኃ ዘገየ ያልሁህም ውሸት ነው።»



«ለምን አልነገርኸኝም?» አለ ኢሀብ። «ሐምሌ ላይ ብትነግረኝ ሠላሳ ሰው እጨምር ነበር። ሰው ዓመት በዓል አለው፤ እኔስ የለኝም? ዛሬ ሠላሳ ሰው ከየት ላምጣ?»

ባንታምላክ ከሐምሌ ጀምሮ የፈራው ነገር ይህን ያህል ቀላል ነበር።

«ሽማግሌው ይቆይ» አለ ኢሀብ። «አንተ በሎሪው ዶካ ድረስ ና። ፒካፑን እዚያው ተወው። የቀሩትን የበዓል ቀናት ጽፈህ ይዘህ ና፣ ያኔ እንነጋገራለን።»

ስልኩ ተዘጋ። አጫጆቹ አረብኛ ስለማይሰሙ ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገችው የቡድኑ ወጥ ሠሪ ሸጊቱ ግን ማማሰሏን ትታ ቆማለች፤ አንዲት ቃል እንዳላመለጠቻት ያስታውቃል።

«ሸጊቱ፣ ምን አለ?» አላት ጋረደው።

ሸጊቱ ባንታምላክን አየችው። «ሙዲሩ አለላችሁ አይደል፤ እሱ ይንገራችሁ» አለች።

ሽማግሌው ይቆዩ ተብሏል ብቻ ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እውነት ነው፤ ውሸት አይሆንም። ሰዎቹም ደስ ይላቸው ነበር። እሱ ግን ከፒካፑ ወርዶ መሀላቸው ቆመ።

«አያ ወልደ ማርያም ነግረውኝ ነበር» አለ። «መተማ ላይ ጠይቀውኝ፣ ይዣቸዋለሁ ብዬ ዋሸኋቸው። ዛሬ ደግሞ ለባለቤቱ ያስቆማችሁ እሳቸው ናቸው ያልሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አልረሱም፤ የረሱ የመሰሉት ለእኔ ብለው ነው። እሳቸው ይቆያሉ፤ ዶካ የምሄደው እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ።

ባንታምላክ ከኪሱ ወረቀትና ብዕር አውጥቶ ፒካፑ ላይ ዘረጋ። «እስከ ኅዳር መጨረሻ የማትሠሩባቸውን ቀናት ንገሩኝ» አለ።

ቆይቶ ጋረደው ፊቱን ሳይፈታ «ኅዳር ስድስት ቁስቋም» አለ። «አሥራ ሁለት ሚካኤል» አለ ሌላው ከኋላ። «ሃያ አንድ ጽዮን።» ሰንበቶቹንም ጨመሩለት። ባንታምላክ አንድ በአንድ በአረብኛ ጻፈ።

ከዚያ የፒካፑን ቁልፍ ለሽማግሌው ሰጥቶ፣ ሎሪው ላይ ወጥቶ ከበርሜሎቹ መሀል ተቀመጠ። ጋረደው ተንጠራርቶ የወልደ ማርያምን ጥቅልል አወረደ። ታምሬ ሞተሩን አስነሣ። ባንታምላክን ግን ማንም ውረድ አላለውም።