ትራስ ውስጥ የተሰፋው ፎቶ

መድና ደውላ «እማማ፣ ተሸነፍን» ያለችኝ ዕለት መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ፎቶውን ከግድግዳ ማውረድ ነው።

መድና የልጅ ልጄ ናት። አንድ ሰው በሠላሳ አንድ ዓመቱ እዚህ አሜሪካ የአንዲት የሰሜን ትልቅ ከተማ ከንቲባ ሲሆን ቢሮው ገብታ ስልክ ታነሣለት ጀመር። ቃለ መሐላ የፈጸመ ቀን ከሠራተኞቹ ጋር ፎቶ ተነሡ፤ አሥራ አንድ ሰዎች። አንዱን ላከችልኝ፤ እኔ ያለሁበት ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ያለ ዘመድ ሁሉ እየመጣ አይቶልኛል። አራት ዓመቱ ሞላና በፈረንጆቹ 1987 ሌላ ሰው መረጡ።

ሹም ወረደ ማለት ምን እንደሆነ ለእኔ ነጋሪ አያሻኝም። ደሴ የአውራጃው ገዥ የወረደ ጊዜ እንዲህ ያለ ፎቶ ተገኘ። ባሌ ዘይኑዲን የገዥው ጸሐፊ ነበር፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ግማሽ ፊቱን የሰው ኮፍያ ሸፍኖት። ወታደሮች በዚያ ፎቶ ያሉትን አንድ በአንድ እየቆጠሩ ሰብስበው ወሰዷቸው። ዘይኑዲን አልተመለሰም።

ስለዚህ ትራሴን ተርትሬ ፎቶውን ጥጡ መሃል ከተትኩና መልሼ ሰፋሁት። መድናንም «ዕቃሽን ተይው፣ ዛሬውኑ ነይ» አልኳት። ሳቀች።

«ሳናስረክብ? አንድ ወር አለ እኮ። ከንቲባውም እዚያ ሎስ አንጀለስ የሥራ ኢንተርቪው አለው፤ በመኪናው ያመጣኛል።»

እሱን! ወደ ቤቴ! ወሩን ሙሉ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።

አንድ ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ በመስኮት አየኋቸው። አጃቢ የለው፣ ሾፌር የለው። መኪናውን ያቆመው ጌታሁን የሚጠብቀው ፓርኪንግ መግቢያ ላይ ነው። ጌታሁን በእንግሊዝኛ ጮኸበት። ከንቲባው እጁን አንሥቶ ይቅርታ ጠየቀና መኪናውን አነሣ።

«እትዬ ፋጡ» አለኝ ጌታሁን ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ፣ «እንግዳዎ መንዳት የት ነው የተማረው?»

ማን መሆኑን ልነግረው ነበር፤ ዋጥኩት።

መድናን በእጇ ጎትቼ አስገባኋት። እሱ ካርቶኗን ተሸክሞ ተከተለ። ሻይ ቀድቼ ሳልጨርስ ስልኩ ጮኸ። አነሣሁት። እንግሊዝኛዬ ለገበያ ያህል ነው፤ ይህን ግን ሰማሁ፤ «ከአዲሱ ከንቲባ ቢሮ ነው። የቀድሞው ከንቲባ እዚያ ናቸው?»

ደረሱብን!

«የለም! ማንም የለም!» ብዬ ዘጋሁና ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። «መድና፣ በጓሮ በር አውጪው! ጋርዴና ከተማ፣ ዘመዳችን ኑሩ ጋ ውሰጂው፤ አንቺም እዚያው እደሪ!»

«ማንን ነው የማወጣው?»

«ይህን ምስኪን! መጡበት እኮ!»

መድና ነገረችው። አልሳቀብኝም። ኩባያውን አስቀመጠ፣ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ሰካው። ስልኩ ወዲያው ጮኸ። ጥቂት አወራና ዘጋ።

«ምን አሉት?»

«አዲሱ ከንቲባ ራሱ ነው። የካርታ ክፍሉን ቁልፍ አጥተው ነው። ካስረከበ ሦስት ቀኑ ነው፣ በየቀኑ ይደውሉለታል። ቁጥራችንን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

«ቁልፍ?»

«ቁልፍ፣ እማማ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ኢንተርቪውህ ይቅናህ አለው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አልሐምዱሊላህ። ኋላ ትራሱንና ምላጭ አመጣሁና ፊታቸው ተረተርኩት። ጥጡ የከንቲባው ደህና ሱሪ ላይ በነነ።

መነጽሬን አድርጌ ፎቶው ላይ ጣቴን አኖርኩ።

«ይቺ የት ናት?»

«ወልዳለች።»

«ይሄ ወፍራሙስ?»

«ቤት ይሸጣል።»

«ይቺስ?»

«ለአዲሱ ከንቲባ ትሠራለች።»

«ለአዲሱ?»

«እዚያው ወንበሯ ላይ።»

ኋላ ረድፍ ላይ ግማሽ ፊቱ የተሸፈነ ወጣት አለ። ጣቴ እዚያ ሲደርስ ቆመ። መድና ማን መሆኑን አልለየችውም፤ ከንቲባውን ጠየቀችልኝ።

«ሕግ ይማራል» አለችኝ። «በዚህ ሳምንት አብረው ምሳ በልተዋል።»

አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ጠየቅሁ። አሥራ አንዱም አሉ።

ፎቶውን ሚስማሩ ላይ የሰቀለው ከንቲባው ነው። አንጋዶታል፤ እኔ አቃናሁት።

«ሲመሽ እንዳይነዳ በይው» አልኳት። «ደግሞ መኪናውን ጌታሁን በር ላይ እንዳያቆም።»