ላሚኔት የተደረገው ደብዳቤ

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበር። ምስጥ በበላው፣ ሻይ በፈሰሰበትና ጣሪያ ባፈሰሰበት ፋይል ሲቃጠል ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ ማግስት የላሚኔት ማሽን ገዛ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ፕላስቲክ ያልለበሰ ወረቀት የለም። የእኔ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወንድሜ የጋብቻ ውል፣ የውሻችን የክትባት ካርድ ሳይቀር ያብለጨልጫል። እናቴ «አንድ ቀን እኔንም ያሽገኛል» ትላለች።

እኔ ደግሞ ሰው አገር በቋንቋ ተማሪ ቪዛ ነው የምኖረው። ዓመት ከመንፈቅ ተምሬ፣ የመጨረሻው ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው አባቴ ድንገት ሆዱን ታሞ ቀዶ ጥገና ገባ። ፈተናውን ካለፍኩ የላቦራቶሪ ቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ ይቀበለኛል። ካመለጠኝ ቪዛዬም አበቃ። ቢሆንም ሄድኩ፤ አባት ነው። የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ፣ ተማሪው ሁሉ «ብረቷ» የሚላት ሴትዮ፣ የመመለሻ ደብዳቤ ጻፈችልኝና ጣቷን ቀስራ፣ «ያለዚህ አያስገቡሽም። ስትመለሺ እዚያው መግቢያው ላይ ጀርባው ላይ ማኅተም ይመቱበታል፤ እሱን ይዘሽ ትመጫለሽ» አለችኝ። የማኅተሙን ነገር ለአባቴ መንገር ትዝም አላለኝ።

ስምንት ቀን አስታመምኩት። የምመለስበት ቀን ጠዋት ገላዬን ታጥቤ ስወጣ፣ በአንድ እጁ ሆዱን ደግፎ በሌላው ደብዳቤዬን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ወረቀቱ ገና ትኩስ ነበር።

«በይ፣ አሁን ዝናብ ቢመታውም ግድ የለም» አለኝ፤ ፊቱ በርቶ።

ታክሲው ውጭ ጡሩንባውን ያስጮኻል። ግንባሩን ስሜ ወጣሁ። አውሮፕላን ውስጥ ተረጋግቼ ደብዳቤውን ሳገላብጠው፣ ጀርባው ላይ ያለው ባዶ ሣጥን «ለማኅተም ብቻ» ይላል። ክው አልኩ። ሽንት ቤት ገብቼ ፕላስቲኩን በጥፍሬ ለመላጥ ሞከርኩ፤ ወረቀቱም አብሮ ሊነሳ ሲል ተውኩት። ለአባቴ በሆዴ ያላልኩት ነገር የለም። እንደገባሁ ደውዬ የምለውን ሁሉ ተራ በተራ አዘጋጀሁ።

አርፈን የፓስፖርት መቆጣጠሪያው ሰልፍ ላይ ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቀርብ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር። ሠራተኛዋ ፓስፖርቴን አየች፣ ደብዳቤውን ገለበጠች፣ ማኅተሟን መታች። ቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ ተንሸራቶ ጣቷን በከለው። በሶፍት ጠርጋ ደግማ መታች፤ ያው ነው። ቀና ብላ አየችኝና አለቃዋን ጠራች።

አለቃው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ነው። ደብዳቤውን ወደ መብራቱ አንስቶ ጥግ ጥጉን በጥፍሩ ነካካው። ጥፍሬ የቧጠጠውን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው? ማነው እንዲህ ያደረገው?»

በሚቀጥለው አውሮፕላን ስመለስ ታየኝ። ክፍል ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ከመናገሬ በፊት ሦስቴ በሆዴ የምከልሰው ሰው፣ እዚያ የምከልስበት ጊዜ አጣሁ። እንደመጣልኝ ለቀቅኩት።

«አባቴ ነው። ጡረተኛ ነው፤ ወረቀት ሲበላሽ አይወድም። ሆዱን ተቀደደ፤ ልጠይቀው ሄድኩ። ጠዋት፣ እኔ ስታጠብ፣ ተነስቶ ፕላስቲክ ውስጥ ከተተው። መነሳት የለበትም፣ ግን ተነሳ። ወረቀቱ ከተበላሸ ልጄን አያስገቧትም ብሎ ነው። እኔ ጥፋተኛ ነኝ፤ ስለ ማኅተሙ አልነገርኩትም። እባክዎን፣ የሚቀጥለው ሳምንት ፈተና አለብኝ።»

አለቃው ስልክ አንስቶ ትምህርት ቤቱ ደወለ። የብረቷ ድምፅ ከመስተዋቱ ወዲህ ድረስ ይሰማኛል። ፊርማው የእሷ መሆኑን አረጋገጠችለት። ከዚያ «ደብዳቤው ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀች። እሱም አባቴ ያደረገውን ነገራት። ቀጥሎ የሰማሁት ሳል መስሎኝ ነበር፤ ሴትየዋ እየሳቀች ነው። «ነገ ሁለት ሰዓት ክፍል ትገኝ» አለችና ዘጋችው።

አለቃው ንጹሕ ወረቀት አወጣ። የደብዳቤውን ቁጥር ጻፈበት፣ ማኅተሙን መታ፣ ፈረመ፣ ከፕላስቲኩ ጋር በስቴፕለር ሊያያይዘው ቢታገል እንቢ አለው፤ በፕላስተር ለጠፈው። ፓስፖርቴንም መትቶ ሲሰጠኝ መነጽሩን አወረደ።

«አባትሽ አሁን ተሻለው?»

«ተሽሎታል» ስል እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እሱ የሚቀጥለውን ሰው ጠራ።

ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወጣሁ። አየሩን እስኪበቃኝ ሳብኩት። ገብቻለሁ! አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ባቅፈው ደስ ባለኝ። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁ፤ ያዘጋጀሁት ቁጣ እንዳለ ነበር፣ አንድም ቃል አልጎደለም።

ስልኩ አንዴ እንኳ በደንብ ሳይጠራ ተነሳ።

«ገባሽ?»

«ገባሁ፣ አባዬ።»

ከወዲያ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ረጅም ትንፋሽ ተከተለ። አውሮፕላኑ ካረፈ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎታል።

«ቆመህ ነበር እንዴ?» አልኩት።

«አሁን ተቀመጥኩ» አለኝ።