ጠጋኙና አዲሱ ቨርዥን

የሥራ ባልደረቦቹ «ጠጋኙ» ይሉታል። የኩባንያውን ፕሮግራሞች «ኮንቴይነር» በሚሉት የሶፍትዌር ሣጥን አሽጎ ሰርቨር ላይ ለተጫነ ፕላትፎርም የሚያስረክበው መሣሪያ የእሱ እጅ ሥራ ነው። ኮንቴይነሮቹን የሚያስተዳድረው ፕላትፎርም ግን ዓመል አለበት፤ አዲስ ቨርዥን በወጣለት ቁጥር ትናንት «እሺ» ያለውን ትእዛዝ ዛሬ «አላውቀውም» ይላል። ጠጋኙ ይጠግናል፣ ፕላትፎርሙ ይታደሳል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ያለፈው ቨርዥን የእህቱን ምርቃት በልቶበታል። ዛሬ ደግሞ አባቱ ወገባቸውን ታክመው ከሆስፒታል የሚወጡበት ቀን ነው። «እኔው መጥቼ እወስድዎታለሁ፣ አባባ» ብሏቸዋል። ይህን ባለ በማግስቱ ፕላትፎርሙ ታደሰ።

«አሁንም ቀይ ነው፣ አልተቀበለም» አለች ከጎኑ የምትቀመጠው የፕሮግራም ሞካሪ፣ ስክሪኑን በአገጯ እያሳየች። «ቆይ፣ ፕላትፎርሙ ሳያስጠነቅቅ ነው እንዴ የድሮውን ትእዛዝ የሚሰርዘው?»

«ዓመቱን ሙሉ አስጠንቅቋል እንጂ! በቢጫ እየጻፈ!»

«ታዲያ የት ሄደ ቢጫው?»

«አንቺ አይደለሽ ‹ዓይኔን አጠፋው፣ ደብቅልኝ› ያልሽው?»

«አንተስ ያልኩህን ሁሉ ትደብቃለህ?»

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ትእዛዙን በአዲሱ ቀየረው። ዋናው ሰርቨር ተቀበለ። ጃኬቱን አነሳ። አንድ እጅጌ እንዳጠለቀ የቅርንጫፎቹ ሰርቨሮች ቀይ ሆኑ፤ እነሱ ገና አልታደሱም፣ አዲሱን ትእዛዝ ከየት ያውቁታል?

«ከድጡ ወደ ማጡ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

አለቃው ብቅ አለ። «ጨርሰህ ነው የምትወጣው። ያለ አንተ ማን ያውቀዋል?»

ስልኩ ጮኸ። «ልጄ፣ ለብሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ» አሉ አባቱ። «አልጋውን ሌላ በሽተኛ ይፈልገዋል መሰለኝ።»

ጠጋኙ ስልኩን ዘግቶ ቆመ። ያለ አንተ ማን ያውቀዋል! ስንት ዓመት ሙሉ እንደ ምስጋና ሲሰማው ኖሮ፣ ለካ ገመድ ነበር። ወንበሩን ወደ ሞካሪዋ ገፋ።

«ተቀመጪ።»

«እኔ? የመሣሪያህን ጫፍ ስነካ እንኳ ትቆጣ የለም እንዴ?»

«ተቀመጪ አልኩሽ፣ እቴ። መሣሪያው መጀመሪያ ሰርቨሩን ‹ቨርዥንህ ስንት ነው?› ብሎ ይጠይቅ። አሮጌ ከሆነ በአሮጌው ትእዛዝ ያናግረው፣ አዲስ ከሆነ በአዲሱ።»

ጻፈች። አልሠራም። አጠፋችና እንደገና ጻፈች። ጠጋኙ ኪቦርዱን ላለመንጠቅ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ።

«አትጩህብኝ!» አለች።

«መቼ ጮህኩ?»

«በዓይንህ እየጮህክ ነው። ሂድልኝ!»

ሄደ። አለቃው በሩ ላይ «መሣሪያውስ?» ቢለው፣ «እሷ ጋ ነው» ብሎ አለፈ።

አባቱ ሙሉ ክብደታቸውን ክንዱ ላይ ጥለው የሆስፒታሉን ደረጃ ሲወርዱ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረ።

«እየው እንጂ፣ ሥራ ይሆናል» አሉት።

በአንድ እጁ አወጣው። መልእክቱ ከሞካሪዋ ነው፦ «ሁለቱም ጋ ሠራ። የመሣሪያህን የማይረባ ግማሽ ደግሞ ሰርዤልሃለሁ።»

ደረጃው መሃል ቀጥ አለ። ግማሹን? የትኛውን ግማሽ?

«ምነው? ክፉ ነገር ነው?»

«ምንም አይደል፣ አባባ» አለ ጥርሱን ነክሶ፤ ስልኩን ከተተና አባቱን በሁለት እጁ ደገፈ። «ቀስ ብለው ይውረዱ።»